ሰባተኛው ምርጫ

ሬይ ዶምብሮስኪ በሚያዝያ ወር እውነት ተናግሮ አያውቅም። ሥራው ነው። የቶሊዶ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ዋና ሥራ አስኪያጅ ከሆነ አራት ዓመቱ ሲሆን፣ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ቡድኖቹ ሁሉ ከኮሌጅ የሚወጡትን ተጫዋቾች ዙር በዙር፣ በተራ ይመርጣሉ። ተራው እስኪደርስ ሁሉም ይዋሻል። የወደደውን ልጅ እንደጠላ፣ የጠላውን እንደወደደ አድርጎ የማያስወራ ሥራ አስኪያጅ ካለ ሌላ እንጀራ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ዘንድሮ ለቶሊዶ የደረሰው ሰባተኛው ተራ ነው። ቀድሞ የሚመርጠው የተሸነፈ ስለሆነ በዚህ የሚኮራ የለም። ካለፈው ዓመት አሥራ ሰባት ጨዋታ አሥራ ሁለቱን ተሸንፈዋል፤ ምክንያቱን ደግሞ ስታዲየሙ በር ላይ ቋሊማ የሚሸጠው ሰውዬ እንኳ ያውቀዋል። ወርዋሪያቸው፣ ኳሷን ለጓደኞቹ የሚወረውረው ዋና ተጫዋች፣ ይዟት ሦስት ሰከንድ ሳይቆም የሰው ተራራ ይደፋበታል። አንዱ ትከሻው ወለቀ፣ የተተካው ጉልበቱ ተበጠሰ፣ ሦስተኛው በራሱ ጊዜ ጡረታ ወጣ። ቶሊዶ የሚያስፈልገው የሚወረውር ሳይሆን ወርዋሪውን የሚከልል ነው።

ያ የሚከልል ሰው ደግሞ ተገኝቷል። ኢዝራ ሊንድ ይባላል፤ በደቡብ ዳኮታ ስሙ እንኳ በማይታወቅ ኮሌጅ የሚጫወት፣ መቶ አርባ ኪሎ የሚመዝን፣ እግሩ ግን እንደ ፍየል የቀለለ ልጅ ነው። ያገኘው ኦዴል ፔቲግሩ ነበር። ኦዴል ለቶሊዶ ተጫዋች ሲያስስ ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላው የስልሳ ሰባት ዓመት ሽማግሌ ነው፤ ከዚህ ምርጫ በኋላ ሥራ ያቆማል። ኢዝራን ለማየት ዘጠኝ ጊዜ በበረዶ ነድቷል፤ በስድስተኛው መኪናው ገደል አፋፍ ላይ ቆማበት አድሯል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እሱ ያገኘው አንድም ልጅ በአንደኛው ዙር ተመርጦ አያውቅም። ሬይ እጁን ጨብጦ «ይሄን ልጅ አመጣልሃለሁ» ብሎታል።

ሊያመጣለት ያሰበው ግን በብልሃት ነበር። ከስድስት ሳምንት በፊት ለአንድ ጋዜጠኛ፣ በሆቴል ቁርስ ላይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከኔ እንዳልሰማህ፤ በኮልተን ሼይ አብደናል» አለው። ኮልተን የጆርጂያ ልጅ ነው፤ ክንዱ ጠንካራ፣ ፈገግታው ለጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ የሚሆን ወርዋሪ። ሬይ የፈለገው ይህን ወሬ ፖርትላንድ እንዲሰማው ነው። ፖርትላንድ ወርዋሪ የሌለው፣ ዘጠነኛ ተራ ላይ የተቀመጠ ቡድን ነው፤ ቶሊዶ ልጁን ሊወስድብኝ ነው ብሎ ከደነገጠ ቦታ እንቀያየር ብሎ ይመጣል፣ በምርቃት ደግሞ የከርሞውን የአንደኛ ዙር ተራውን ይሰጣል። ስምንተኛዋ ሜምፊስ የሚከልል ተጫዋች ሞልቷታል። ስለዚህ ኢዝራ ዘጠነኛው ላይም ይጠብቀዋል። አንድ ልጅ ለሚገኝበት ሁለት ማግኘት ማለት ነው። ሬይ ወሬው እንዲታመን ጆርጂያ ድረስ ሄዶ ከኮልተንና ከእናቱ ጋር ሥጋ ጥብስ በላ።

«ልጁን እናቱ ፊት ነው እኮ የዋሸኸው» አለው ኦዴል ሲመለስ።

«ሥራ ነው ወንድሜ።»

«ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው።»

ብልሃቱን ያልሰማ አንድ ሰው ነበር፤ የቡድኑ ባለቤት ዊንስተን ላቲመር። ዊንስተን የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ነው፤ ቡድኑን ከአባቱ ከመስታወት ፋብሪካው ጋር ወረሰ። ክፉ አይደለም። አፉ ግን ወንፊት ነው፤ ጠዋት የነገሩትን ከሰዓት በኋላ የጎልፍ ሜዳው ሁሉ ያወራዋል። ስለዚህ ሬይ አልነገረውም። ጥንቃቄ መስሎት ነበር።

የምርጫው ዕለት ስድስተኛው ቡድን ተራ ላይ እያለ ዊንስተን የምርጫውን ክፍል በር በርግዶ ገባ። ዘጠኝ ቁጥር መለያ ለብሷል። ዞር ሲል ጀርባው ላይ «ሼይ» የሚል ስም ታትሟል።

ሬይ መጀመሪያ የሳቀው ቀልድ መስሎት ነው።

«አየኸው? አራት ሺ አሳተምኩ! ውጪ ያለው ሕዝብ እያበደ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ምስጢርህን ጠብቄልሃለሁ፤ እመን፣ ለአሥር ሰው አልነገርኩም» አለ ዊንስተን።

«የምን ምስጢር?»

«ጋዜጣ ላይ አነበብኩት እኮ! ባለቤቴም አንብባዋለች። ሬይ፣ በሕይወቴ እንደዚህ ኮርቼብህ አላውቅም።»

የሬይ ደም ወደ እግሩ ወረደ። ከዚያ ተመልሶ ወደ ጭንቅላቱ ወጣና ፈላ። «ዊንስተን፣ ውሸት ነው። እኔ ነኝ ያስወራሁት። የምንፈልገው ኢዝራ ሊንድን ነው።»

«ማንን?»

ኦዴል ከጥግ ሆኖ «የሚከልለውን» አለ። «ወርዋሪዎችህን ከሐኪም ቤት የሚያድናቸውን።»

«ሚስቴ የሚከልል ተጫዋች አንድም አታውቅም» አለ ዊንስተን። «ውጪ አሥር ሺ ሰው ቆሟል። ወጥቼ ምን ልበላቸው? ሥራ አስኪያጃችን ዋሽቷችኋል ልበል? ለኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

«ስለምታወራ!» ብሎ ጮኸ ሬይ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ወረቀቱ ደፋ። ዊንስተን ቀላ፤ የተቀየመ ልጅ መሰለ። በዚሁ መሐል የስድስተኛው ቡድን ምርጫ ተጠራና የቶሊዶ ሰዓት መቁጠር ጀመረ። አሥር ደቂቃ።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። ፖርትላንድ ነበሩ። ዘጠነኛውን ተራ እንስጣችሁ፣ የከርሞውን የአንደኛ ዙርም እንጨምር፣ ሰባተኛውን ስጡን አሉ። ሬይ በስድስት ሳምንት የገነባው ነገር ሁሉ፣ አንዲት ድንጋይ ሳትጎድል፣ ጆሮው ላይ ቆሞ መልስ ይጠብቃል። ማልቀስ አማረው። «አንድ ደቂቃ» አለና የስልኩን አፍ በእጁ ሸፈነው።

«ዊንስተን፣ ስማኝ። ያልኩት ሁሉ ሆኗል። እሺ ልበላቸው፤ ሁለት ልጅ ይኖረናል።»

«ኮልተንን ለፖርትላንድ ልትሰጥ?»

«ልጁ የኛ ሆኖ አያውቅም!»

ዊንስተን ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። አሁን አልተናደደም፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነበር። «ሬይ፣ ውልህ ላይ የመጨረሻው ቃል ያንተ ነው ይላል። እኔ አላዝህም። ውልህ ዘንድሮ እንደሚያልቅ ብቻ አስታውስ። ነገ ጠዋት ቁርስ አብረን እንበላለን፤ ምን እያወራን እንደምንበላ አንተ ምረጥ።»

ሬይ ኦዴልን አየው። ኦዴል ዓይኑን ከእሱ ላይ አላነሳም። ስልኩ ውስጥ የፖርትላንዱ ሰውዬ «ሄሎ? ሄሎ?» ይላል። ሦስት ደቂቃ ቀርቷል። ሬይ እሺ ለማለት አንድ ቃል ብቻ ይበቃው ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቤቱን ገና ባለፈው ዓመት አሳድሷል፤ ሁለት ጊዜ የተባረረ ሥራ አስኪያጅን ማንም እንደማይቀጥር ያውቃል፤ አንዴ ተባርሯል። ይህን ሁሉ አሰበና ራሱን ጠላው። ጠልቶትም አልቀረ፣ «አይሆንም» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ኮልተን ሼይ የሚል ካርድ ተጽፎ ተላከ። ውጪ ሕዝቡ ሲጮህ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ዊንስተን ሬይን አቅፎ ሳመውና ወደ ሕዝቡ ሮጠ።

ሜምፊስ በስምንተኛው ኳስ ይዞ የሚሮጥ ልጅ ወሰደች። በዘጠነኛው ፖርትላንድ፣ ወርዋሪውን ያጣው ፖርትላንድ፣ ያለ አንዳች ማመንታት ኢዝራ ሊንድን ጠራ። ኦዴል ተነስቶ ወደ ሰሌዳው ሄደ፤ የኢዝራን ስም የያዘችውን ካርድ አንስቶ ከተወሰዱት ተርታ፣ በፖርትላንድ ስም ሥር፣ ቀጥ አድርጎ ለጠፋት። ሥራው ስለሆነ ነው። ከዚያ ኮቱን ለበሰ።

«ኦዴል...»

«ተወው። በነጻ ሁለት ስጠኝ አላልኩህም ነበር። አንዱን ነበር የፈለግኩት» አለና ወጣ። በሩን እንኳ አላጋጨውም፤ ቢያጋጨው ለሬይ ይቀለው ነበር።

ስልኩ እንደገና ሲጮህ ኮልተን ነበር። ከመድረኩ ወርዶ፣ ጋዜጠኞቹን ጨርሶ፣ ቅድም ሲመረጥ ሬይ ደውሎለት በጫጫታው ስላልተደማመጡ ራሱ ደወለ። ከኋላው ሰው ይጨፍራል።

«ጌታዬ፣ ላመሰግንዎ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ዛሬ አዎ ነገ አይ ሲሉኝ፣ ከመጀመሪያው ቀን የጸኑት እርስዎ ብቻ ነዎት። ለሁሉም ቡድን ቶሊዶ ነው የምሄደው ስላቸው ነበር።»

«እንኳን ደህና መጣህ ልጄ» አለ ሬይ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

«እናቴ አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላኛለች። የባለፈው ዓመት ጨዋታችሁን እያየች ስታለቅስ ነበር፤ ያ ልጅ ትከሻው ሲወልቅ። እዚያ ስሄድ የሚከልለኝ ማነው?»

ሬይ አፉን ከፈተ። በዚህ ወር ለጋዜጠኛ፣ ለሥራ አስኪያጅ፣ ለእናት ሳይቀር የሚሆን ውሸት አጥቶ አያውቅም። አሁን አንድም አልመጣለትም። ሰሌዳውን አየ፤ የኦዴልን ባዶ ወንበር አየ።

«ማንም የለም ልጄ» አለ።

ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። ስልኩን ከአፉ አርቆ፣ «እማዬ፣ ነግሬሽ የለ? ሰውዬው ቀልደኛ ነው!» ሲል ይሰማ ነበር።