አጥሩ ላይ የታሰረው አበባ

አምና የብስክሌት ውድድሩ ዕለት፣ ሆንበርግ ዳገት ላይ፣ ባሌ ኦዲል ቋሊማ በዳቦ እየበላ ሳለ ዘጭ ብሎ ወደቀ። ልቡ ቆሞ ነበር። እኔ ከመጮኽ በቀር ያደረግሁት ነገር የለም። ከሕዝቡ መካከል ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰች ሴት ዘላ ወጣችና ተንበርክካ ደረቱን በሁለት እጇ ትደልቀው ጀመር። ያን ጊዜ ተወዳዳሪዎቹ ደረሱ። ሰዉ በጩኸት ሲያብድ እሷ ቀና ብላ እንኳ አላየችም። አምቡላንሱ ይዞን ሲበር ስሟን የጠየቀ አልነበረም።

ኦዲል ግን ዳነ። የጎድን አጥንቱ ተሰባብሮ ስለነበር፣ ባሳለ ቁጥር ደረቱን ይዞ ያቃስታል፤ አቃስቶ ሲጨርስ ደግሞ «እግዜር ይስጣት» ይላል። ሴትየዋን በየመንደሩ አጠያየቅን፤ የሚያውቃት ጠፋ።

እኛ የፍላንደርስ አገር ሰዎች ውድድሩን አንድ ቦታ ተገትረን አናይም። ተወዳዳሪዎቹ በኮብልስቶኑ መንገድ ከዳገት ዳገት ሲጠማዘዙ፣ እኛ በመኪና በእርሻ መንገድ እያቋረጥን እንቀድማቸዋለን። ዘንድሮም ዕለቱ ሲደርስ ወጣን።

«ጎደሊቭ፣ ዛሬ አንቺ ንጂ» አለኝ ኦዲል። «እኔ በመስኮት ቢጫ ካፖርት እፈልጋለሁ።»

«ባንዲራችን ቢጫ፣ የሰዉ ኮፍያ ቢጫ፣ አገሩ በሙሉ ቢጫ! በምን ልትለያት ነው?»

«ዝም ብለሽ ንጂ።»

መጀመሪያ በቆምንበት መንደር አንድ ቢጫ ካፖርት አየና ሮጦ ትከሻውን ነካ። የዞረው ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ጎረምሳ ነበር።

«ምን ነካዎት አባባ?»

«ይቅርታ ልጄ፣ ሕይወቴን ያተረፈችውን ሴት መስለኸኝ ነው።»

ጎረምሳው ጓደኞቹን ጠርቶ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ታሪኩን ሲሰሙ ግን ቢራ ጋበዙን። ተወዳዳሪዎቹ እንደ ነፋስ ካለፉ በኋላ ተሰናብተናቸው ወደ ሆንበርግ ነዳሁ።

ዳገቱ ላይ፣ ልክ ኦዲል የወደቀበት ቦታ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች አጭር ሴት አጥሩ ላይ አበባ በሲባጎ ታስራለች።

«ለማን ነው አበባው?» አላት ኦዲል።

«አምና እዚህ አንድ ሰውዬ ሞቶ ነው» አለች ዞር ሳትል። «እጄ ላይ ነው ያረፈው፤ ነፍሱን ይማረው። ሲወስዱት ትንፋሽ አልነበረውም።»

ኦዲል ኮፍያውን አወለቀ።

«አልሞተም» አላት።

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ራሴ ነኛ!»

ዞረች። ትክ ብላ አየችው። ከዚያ መዳፏን ደረቱ ላይ አሳርፋ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ልቡ ሲመታ አዳመጠች።

«አንተ የማትረባ!» አለችው እያለቀሰች፤ ቡጢም አቀመሰችው። «ዓመቱን ሙሉ ሳዝንልህ ከርሜ! በደንብ አልገፋሁት ይሆን እያልኩ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ!»

«ቀስ እህቴ፣ አጥንቴ ገና መጠገኑ ነው!»

ስሟ ኢርማ ነው። በጎረቤት ከተማ ሥጋ ቤት አላት። እኔ ለእሷ የምለውን ምስጋና ዓመቱን ሙሉ አጥንቼው ነበር። ያን ሁሉ ትቼ አቅፌያት እጆቿን ሳምኩ። እሷም ጀርባዬን መታ መታ እያደረገች «በቃ፣ በቃ እናቴ» ትለኛለች።

ከጀርባችን አንድ ነገር ሽው አለ፤ ሕዝቡ ጮኸ። ስንዞር አጃቢ መኪኖቹ ብቻ ቀርተዋል።

«ማን ነበር የሚመራው?» አለች ኢርማ። ሦስታችንም ተያየንና ሳቅን።

ኦዲል አበባውን ከአጥሩ ፈትቶ ለእሷ ሰጣት፤ ከዚያ መኪናችን ውስጥ አስገብተናት ወደሚቀጥለው ዳገት ከነፍን። ስንደርስ ሰዉ መበተን ጀምሯል። የመጨረሻው ተወዳዳሪ ብቻውን፣ ፊቱ ጭቃ ለብሶ፣ ዳገቱን እየተንፏቀቀ ይወጣል።

«በርታ ልጄ! አይዞህ!» ኦዲል ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ኢርማም አበባውን እያውለበለበች አብራው ጮኸች። እኔ ልጁን አላየሁትም፤ ዓይኔ የሚጮኸው ሰውዬ ላይ ነበር።