በጋሽ ሙሂዲን በኩል

አሁንም ቁልቁለት ሳይ ከመኪና ወርጄ በእግሬ ልሂድ ያሰኘኛል። ምናለ ፈሪ ነው በሉና ሳቁ፤ ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን ስሙኝ።

የጫንነው የሎኮሞቲቭ እግር ነበር፤ ባቡሩ የሚሄድባቸው ሁለት ትልልቅ የብረት መንኮራኩሮች ከነዘንጋቸው። ባሕር ዳር አንድ የግል ጋራዥ ሠርቷቸው ወደ ወልድያ እያደረስን ነው። በሰንሰለት ጠፍረን፣ ከፊት በግንድ አስደግፈናቸዋል። ተለዋጭ ሾፌሬ ጋሽ ሙሂዲን፣ የንፋስ መውጫ ሰው፣ ይህ ጉድ ከተነቃነቀ ጋቢናውን እንደ እንቁላል ነው የሚሰብረው እያሉ መንገዱን ሙሉ ሲያስፈራሩኝ መጡ። አሁን ይሄ ወግ ነው? ብዬ ተቆጣኋቸው።

ንፋስ መውጫ ልንደርስ ስንል፣ ረጅሙ ቁልቁለት ላይ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። ረገጥኩ። ምንም የለም። ደግሜ ረገጥኩ። የእጅ ፍሬኑም አልያዘ፣ ማርሹም አልገባ አለኝ። መኪናው ያንን ሁሉ ብረት ተሸክሞ ይወርዳል።

መታጠፊያውን ስናልፍ መንገዱ በሰው ሞልቷል። ቀብር ነው። ከፊት ቄሶቹና ቃሬዛው፣ ከኋላ ለቀስተኛው።

በእኛ አገር ሬሳ ሲያልፍ ሾፌር ሞተር አጥፍቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ይቆማል። ክላክስ ማሰማት ትልቅ ነውር ነው። እኔ ግን ክላክሱን ተጭኜ አልለቅ አልኩ። ሰዎቹ ዞሩ። መንገድ መልቀቅ ቀርቶ፣ ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆሙ። ምን ይፈረድባቸዋል? እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው። ፍሬን የለኝም ብዬ በመስኮት ብጮህ ማን ሊሰማኝ!

በግራ ገደል ነው፣ በቀኝ ተራራ። ተራራው ላይ ባላትመው ይቆማል፤ የሚጨፈለቁት ግን በቀኝ የተቀመጡት ጋሽ ሙሂዲን ናቸው። መሪውን ወደ ቀኝ ማዞር አቃተኝ። ልጅ ያዘለች ሴት ፊቷ ሳይቀር ይታየኛል። ለእሷም ፈራሁ፣ ለእሳቸውም ፈራሁ፣ እውነቱን ለመናገር ለራሴም ፈራሁ።

ጋሽ ሙሂዲን ነገሩ ገብቷቸዋል።

«በእኔ በኩል ጣለው» አሉኝ።

«ጋሼ...»

«ጣለው፣ ልጄ።»

ቢስሚላህ ብለው መሪውን አብረውኝ ጠመዘዙት።

ዓይኔን ስገልጥ ሰንሰለቱ ተበጥሷል፤ አንዱ መንኮራኩር ጋቢናውን ከኋላ ቀዶ ገብቷል። የጋሽ ሙሂዲን እግር ከሥሩ ነው። ይተነፍሳሉ። ሊደበድቡኝ የቆሙት ሰዎች ደርሰው፣ ደጋፊውን ግንድ ነቅለው፣ በእሱ ብረቱን ፈንቅለው አነሱላቸው። ደሙ ግን አልቆም አለ። መኪና ቢጠበቅ አይመጣ፤ ከተማው ቅርብ ቢሆንም በእጅ ታቅፎ አይደረስም።

ሁሉም ቃሬዛውን ያያል፤ ሬሳው ይውረድ ለማለት ግን ማን ደፍሮ!

የሟቿ ልጅ ሽበታም ሰው ነው፤ ወልደማርያም ይባላል። ወደ ቃሬዛው ሄደና የእናቱን መታሰሪያ ፈታ። ከእነ መግነዛቸው አቅፎ አነሳቸውና ዳር ሣሩ ላይ አጋደማቸው። አንዱ ቄስ ጥላቸውን ዘረጉላቸው።

«እናቴ አይቸኩሉም» አለ። «እኒህን አድርሱ።»

ጋሽ ሙሂዲንን አስተኝተን ሮጥን። እጃቸውን ይዣለሁ። እየቀዘቀዘ ይመስለኝና ጨበጥ አደርገዋለሁ፤ መልሰው ጨበጥ ያደርጉኛል። አንዴ ዘገዩብኝ፤ ጮኼ ጠራኋቸው። ከዚያ ጨበጡኝ።