የላይኛው ሰፈር ቤቶች

ልብስ ሰፊ ነኝ። መርፌዋም ምላሷም ይወጋል ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። የእህቴ ልጅ ከፕላን ቢሮ መጥቶ ሰፈራችሁን ላስተካክል ሲል መጀመሪያ የሳቅኩበትም እኔው ነኝ።

«አንተ ልጅ፣ ላይኛው ሰፈርን ረሳኸው?» አልኩት። «በዓመቱ ትመለሳላችሁ ተብለው የወጡት የት ደረሱ? እናትህስ?»

እህቴ ከእነሱ አንዷ ነበረች። የኪራይ ክፍል ውስጥ ጓዟን ሳትፈታ፣ ዛሬ ይጠሩናል ነገ ይጠሩናል እንዳለች ሞተች። ከዚያ ወዲህ ሜትር የያዘ ሰው ካየን በራችንን እንዘጋለን። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ልጁ አልተቆጣም። የስብሰባ አዳራሹ መሃል ትልቅ ጠረጴዛ አስቀመጠና ሰፈራችንን በትንንሽ የእንጨት ቤቶች ሠራው። የኔ ቤት እንኳ ከነተጣመመ ጣሪያዋ ነበረች።

«ደንቡ አንድ ነው» አለን። «ከባለቤቱ በቀር ማንም ቤት አያነሳም። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያልተነሳ ቤት መሬት ላይም አይነሳም።»

ሰው መጀመሪያ ሊያሾፍ መጣ፤ ውሎ አድሮ ግን ክርክሩ ደራ። ያ ንፉጉ ባለሱቅ ለመንገዱ ብሎ ሱቁን በገዛ እጁ ሁለት ጣት ወደ ኋላ ሲስብ አይቼ ጉድ አልኩ። እኔም ብሆን፣ ምን እዋሻለሁ፣ ልቤ እየራራ መጣ።

በላይኛው ሰፈር ቦታ ላይ ግን አረንጓዴ ጨርቅ ብቻ ተነጥፎ ነበር። መናፈሻ ይሆናል ተብሏል።

የቢሮው ኃላፊ ሊያጸድቅ በሚመጣበት ቀን ጠዋት አዳራሹን ስንከፍት ጨርቁ ላይ ቤቶች አሉ። የጭቃ ናቸው። አውራ ጣት የሚያህሉ፣ ጢስ የጠገቡ፣ እርስ በርስ የተደጋገፉ።

«ማናችሁ ናችሁ የምትቀልዱብኝ?» አለ ልጁ ክው ብሎ።

እርስ በርስ ተያየን። ቁልፉ እኮ እሱ ኪስ ውስጥ ነው ያደረው! በካርቶን ሰብስቦ ደጅ አውጥቷቸው ሲመለስ፣ ቤቶቹ ቀድመውት ጨርቁ ላይ ነበሩ።

ጠጋ ብዬ አየኋቸው። ዳር ላይ ያለችው በሯ ሰማያዊ ነው፤ መቃኗ ከታች ተሸርፏል። ዳሰስኳት። ሰው እንዳለበት ቤት ትሞቃለች።

«ይቺ የእናትህ ናት» አልኩት።

ይሄኔ ኃላፊው ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ጸሐፊ አስከትሎ ገባ። አየና ፊቱ ጠቆረ።

«ምንድን ነው ይሄ? መናፈሻው ካልጸደቀ የቀረውም ፕላን አይጸድቅም። ውሃም መንገድም የለም። አንተም ሌላ ሥራ ፈልግ። በል አንሳቸውና እንጨርስ!»

ልጁ እኛን አየን። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። አሁን ያነሳታል፣ ያው እንደ ቢሮው ሰዎች ነው አልኩ በሆዴ፤ ደግሞም አንጀቴን በላኝ፣ ሥራውን ሲያጣ ማየት አልፈለግኩም። እጁን ሰደደ። ሰማያዊው በር ጋ ሲደርስ ቆመና ጎንበስ አለ።

«እማዬ» አለ፣ «ቤትሽን ላንሳው?»

ምናለ አንድ ሰው በሳቀ! ማንም አልሳቀም። ያኔ ከዚያች አውራ ጣት ከምታህል ቤት ውስጥ የእህቴ ድምፅ መጣ፤ ከእንቅልፏ ስትነሳ እንደምትናገረው ጎርነን ብሎ።

«አይሆንም፣ ልጄ።»

ኃላፊው ወንበር በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ፤ እሱም ሰምቷል። ልጁ እንባው እየወረደ ወደ ጸሐፊዋ ዞረ።

«ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፊ። አይሆንም ተብሏል።»

«ማን አለ ልበል?» አለች ብዕሯን አንስታ።

«የቤቱ ባለቤት።»

ጻፈች። የዚያ ቢሮ ብዕር እምቢታችንን ሲጽፍ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልጁ ዓይኑን ጠረገና ወደሚቀጥለው ቤት ጎንበስ አለ።