መርዶ በእንግሊዝኛ

ተናኘወርቅ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ አንሶላ ታነጥፋለች። አሌክሳንድሪያ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ ሥራ ስትገባ የደወለችለት አየር መንገድ እስካሁን ሙዚቃ ያሰማታል። ሙዚቃው ተቋርጦ የሴት ድምፅ ሲመጣ አንሶላውን ለቀቀችው።

ሴትዮዋ ትሕትና አልጎደላትም። የትኬቱ ገንዘብ ተመልሷል፤ ከዚያ በላይ ለሚጠየቅ ካሳ ግን እናቷ መቼ እንደሞቱ የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል አለቻት። ተናኘወርቅ ገንዘብ እንዳልፈለገች ልታስረዳ ሞከረች። የፈለገችው፣ እናትሽን በሕይወት እንዳታገኚ ያደረግንሽ እኛ ነን የሚል አንድ ቃል ነበር። ሴትዮዋ ማስረጃውን እንጠብቃለን ብላ ዘጋች።

ነገሩ የመጣው በጥቅምት ነው። እሑድ ዕለት ወንድሟ ኪራኮስ ከደሴ ደውሎ እማዬ ደከም ብሏታል፣ ቶሎ ድረሽ አላት። በማግስቱ ኤርፖርት ቆመች። የአየር መንገዱ ሠራተኛ ፓስፖርቷን አገላብጦ፣ አውሮፕላን የምትቀይርበት አገር ስድስት ወር ያልቀረው ፓስፖርት አይቀበልም አለ። የእሷ አምስት ወር ነበር የቀረው። ከኤርፖርቱ አልወጣም፣ አውሮፕላን ብቻ ነው የምቀይረው ብትለው ኮምፒዩተሩ እንቢ ብሏል ሲል መለሰላት። በመኪና ያደረሷት የዕድራቸው ሰብሳቢ ጋሽ ዓብዩ ድምፃቸው እስኪንቀጠቀጥ ተከራከሩላት። ሲመለሱ የሚያውቁትን መታጠፊያ ሁለት ጊዜ ሳቱት። ለሰው ችግር እንዲህ የሚሆን ሰው አለ ብላ ነበር ያን ዕለት።

ዓርብ ንጋት ላይ፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ አውቶቡስ ልትይዝ ስትል፣ ጋሽ ዓብዩ የዕድሩን ሰዎች ይዘው በሯን አንኳኩ። እናትሽ ሐሙስ ዐረፉ አሏት።

ከዚያ ወዲህ ሐሳቧ ሁሉ አንዲት ቀን ላይ ነው። ሰኞ ብትሳፈር ረቡዕ ደሴ ትገባ ነበር። እጃቸውን ይዛ አንድ ቀን ታድር ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ልጇ ዮዲ ደንቡን ፈልጋ አንብባው ኖሮ፣ ስድስት ወሩ ከኤርፖርት ለሚወጣ መንገደኛ ብቻ እንደሆነ አገኘች። «ማሚ፣ ሩሉን ራሳቸው ናቸው የሳቱት» አለች። አቤቱታውንም እሷው አስገባች።

የቀረው የሞት ምስክር ወረቀት ነበር። ኪራኮስ ግን አንዴ ቀበሌው ስብሰባ ነው ይላል፣ አንዴ ማኅተሙን የያዘው ሰው ታሟል ይላል። ሴትዮዋ የዘጋችባት ዕለት ተናኘወርቅ እዚያው ያልተነጠፈው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ደወለችለት፤ ተቆጣችው።

«እሺ እታለም፣ ምን ቀን ብዬ ላውጣልሽ?» አላት።

«ቀን ይመረጣል እንዴ?»

«ጋሽ ዓብዩን ጠይቂያቸው» ብሎ ዘጋው።

ተናኘወርቅ ስለ ጠራቻቸው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ዓብዩ ዮዲ ቤት መጡ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠርዙን ሲያሹ ቆዩ። ሻይ ቢቀርብላቸውም አልነኩትም።

«ተናኜ» አሉ በመጨረሻ፤ «ኤርፖርት ሳደርስሽ እናትሽ ተቀብረው ነበር። ቅዳሜ ነው ያረፉት።»

ዮዲ ከላፕቶፗ ቀና አለች። ተናኘወርቅ የሻንጣዋ ነገር ትዝ አላት። የዕድሩ ሴቶች ሲያሰናዱላት፣ ለእናቷ ከገዛችው ሹራብ ሥር ጥቁር ቀሚሷን አጥፈው ከትተውላት ነበር። ለብርድ ይሆንሻል ብለዋት ነበር።

«ብቻሽን ሐዘን ይዘሽ ያን ሁሉ መንገድ እንዳትሄጂ ነው። እዚያ፣ ከእህት ወንድሞችሽ መሀል ትረዳ ተባለ። ስትቀሪብን ጨነቀን።»

«ሐሙስስ? ሐሙስን ከየት አመጣችሁት?»

«ቅዳሜ ውድብሪጅ ሰርግ ላይ ነበርሽ። ስትጨፍሪ ውለሻል። ያን ዕለት ነው ብንልሽ ዕድሜ ልክሽን አትረሺውም ብለን ነው።»

አርባቸውንም ከሐሙስ ቆጥራ እንዳወጣች አስታወሰች። ቄሱስ ያውቁ እንደሆነ ጠየቀች። እንደሚያውቁ፣ ለእናቷም ደሴ በትክክለኛው ቀን ፍትሐት እንደተደረገላቸው ነገሯት። ተናኘወርቅ ልታለቅስ ጠበቀች፤ እንባው ግን አልመጣም። ስትሟገትላት የከረመችው ዕለተ ረቡዕ ከእጇ ወጣች። አሁን የምትቆጣውም ሰው አልቀረላትም፤ እኚህን ሽማግሌ ምን ትበላቸው?

የዮዲ ስልክ ጮኸ። ኪራኮስ ነበር፤ ወረቀቱን ሐሙስ ብሎ የሚጽፍልኝ ሰው አግኝቻለሁ፣ ልላከው ወይ ይላል።

«ማሚ፣ ይቅር በቃ» አለች ዮዲ ቀስ ብላ። «ኤኒዌይ አትደርሺም ነበር። ክሌይሙን ካንስል ላድርገው?»

«ቅዳሜ ብሎ ይላክ።»

«ቅዳሜ ካልን እኮ ምን አጣሽ ይሉናል።»

ተናኘወርቅ ያን ዓርብ አስታወሰች። የጮኸችው አንዴ ብቻ ነበር። ከዕድሩ ሰዎች አንዷ በሩን ዘግታ፣ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብናል፣ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ ብላት ነበር። ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀብራ ነው እናቷን ያለቀሰቻቸው። ደሴ ቢሆን ግቢው በር ላይ ኪራኮስ ይቀበላት ነበር። የመንደሩ ሰው ሁሉ አብሯት ይጮህ ነበር።

«መርዶዬን በእናቴ ግቢ መስማት ነው ያጣሁት። እሱን ጻፊላቸው» አለች።

ዮዲ ጥቂት ጻፈችና ቆመች። «መርዶን... ባድ ኒውስ ልበለው?»

«ባድ ኒውስ ሥራ ስትባረሪም ነው።»

ጋሽ ዓብዩ ኮንዶለንስ ቢባልስ ብለው ሞከሩ፤ ራሳቸው ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ተዉት።

«መርዶ ብለሽ ጻፊው።»

«አይገባቸውም፣ ማሚ።»

«አውቃለሁ። ምንም አይመልሱልንም።»

ዮዲ ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈችው። ኮምፒዩተሩ ወዲያው ከሥሩ ቀይ መስመር አሰመረበት። ልታጠፋው ጣቷን ስትሰነዝር እናቷ እጇን ያዘቻት።

«ተይው» አለቻት። «እንዳለ ላኪው።»