የማታውቃት ሴት ህዋሳት

የላብራቶሪ ባለሙያዋ አገጯ ላይ የሚበቅለውን ጢም በወረንጦ ሳትነቅል ከቤት አትወጣም። ሥራ ቦታ ጭምብል ግዴታ ስለሆነ ባልደረቦቿ ፊቷን በቅጡ አያውቁትም፤ እሷም ይህን እንደ ጸጋ ቆጥራው ኖራለች። አንድ ሰው ሊያገባት ቀርቦ ነበር። የወር አበባዋ ወራት እየዘለለ እንደሚመጣና መውለድ ሊያስቸግራት እንደሚችል ስትነግረው ግን ውሃ በላው።

ሌላ ከተማ የምትኖረው እናቷ በስልክ አንድ ምክንያት ይዛ ሙጭጭ ብላለች።

«ጭንቀት ነው! ነገር በሆድሽ እያመቅሽ ነው እንዲህ የሆንሽው።»

ልጅቷም ውላ አድራ አመነች። ጥፋቱ የራሷ መሰላት።

አንድ ሰሞን ከቀዶ ሕክምና ክፍል የአንዲት ሴት እንቁልጢ፣ የእንቁላል አመንጪው እጢ ቁራጭ መጣ፤ ሐኪም ስለ ራሷ እንቁልጢ እንደነገራት ሁሉ ውሃ በቋጠሩ ጥቃቅን ከረጢቶች የተሞላ። ስም የለውም። ባለሙያዋ ህዋሳቱን ለይታ ብልቃጥ ውስጥ አኖረቻቸው፤ ሙቀትና ምግብ አላጓደለችባቸውም። ተባዙ፤ ልጅ የልጅ ልጅ አፈሩ። ከዚያ የሚያመነጩትን፣ ጢም የሚያበቅለውንና የወር አበባ የሚያዛባውን የወንዴ ሆርሞን ለካች። ከጤነኛ እንቁልጢ የተወሰዱ ህዋሳት ከሚያመነጩት እጅግ ይበልጣል። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደገመችው። ያው ነው።

ብልቃጡን አንስታ አየችው። እነዚህን የሚቆጣ እናት፣ ጥሎ የሚሄድ ወንድ የላቸውም። ከሴትየዋ ገላ ተነጥለው፣ ብቻቸውን ብልቃጥ ውስጥ ሆነውም ያመነጩታል።

«ምነው፣ ውጤቱ ተበላሸ?» አለ አጠገቧ የሚሠራው።

«ኧረ ጥሩ ነው።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«በጓንቱ ዓይኔን ነክቼው ነው።»

ኮሪደር ወጥታ ደወለች።

«እማዬ፣ ጭንቀት አይደለም። ህዋሶቹ ብቻቸውንም ያደርጉታል።»

«የምን ህዋሶች?»

«የአንዲት ሴት።»

«ማን ናት?»

«አላውቃትም።»

«ይኸው! ለማታውቂያት ሴት እንኳ ትጨነቂያለሽ። አላልኩሽም?»

ሳቋ አመለጣት። ስልኩ ሲዘጋ ግን ሳቁን የሚጋራት አጣች።

ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ወረደች። «የዚያች ሴት ጥፋት አይደለም፤ ይንገሩልኝ» አለችው።

«ናሙናው ስሙ ተፍቆ ስለሚላክ የየትኛዋ እንደሆነ እኔም መለየት አልችልም፤ ደንቡ ነው» አላት በትሕትና።

ወደ ቤቷ ስትሄድ አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ሴት አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሻርፗን እስከ አፏ ጠቅልላለች። ባለሙያዋ «ያንቺ ጥፋት አይደለም» የሚሉትን ቃላት አፏ ውስጥ አመላለሰቻቸው። ሴትየዋ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወረደች።