ቀዩ ስኪ ወይስ ግራጫው

እና ቀዩን ነው የምወስደው፣ ረጅሙን፣ ቀጭኑን፣ የእሽቅድድሙን፣ ምን ሆኜ፣ በዚህ ሸለቆ ሃያ ዓመት ሙሉ በረዶ ላይ በስኪ ስንሸራተት የቀደመችኝ ሴት የለች፣ ወንዱንም ቢሆን ስንቱን በረዶ አልብሼው አልፌያለሁ፣ ኦድኒ ነኝ እኮ፣ አዎ ስልሳ አራት ደፍኛለሁ፣ አዎ ዳሌዬ ውስጥ ብረት ገብቷል፣ ታዲያ? ብረት እንደሁ አይደክመው።

ሻጩ ኤይቪን፣ እንዴት ነው የሚሄዱት እትዬ ኦድኒ፣ ይለኛል፣ በፍጥነት፣ እለዋለሁ፣ ታናሽ እህቴ ጉንቮር ከኋላዬ ክትክት ብላ ትስቃለች፣ በፍጥነት! ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት! ዝም በይ አንቺ፣ ሁለት ፋሲካ እኔ መስኮት ሥር ተጎልቼ አንቺ በስኪ ወጥተሽ ተራራው ላይ ብርቱካንሽን ስትልጪ ዋልሽ፣ ነገ ግን እስከ ተራራው ጎጇችን አብሬሽ ነኝ፣ ካልሞትኩ አልቀርም።

ቀዩ ላይ ይቁሙ፣ ይለኛል ኤይቪን፣ እቆማለሁ፣ ከስኪው መሃል ሥር ወረቀት ይከታል፣ አሁን በአንድ እግር፣ ሙሉ ክብደትዎን ይጣሉበት፣ ጥርሴን ነክሼ እጥላለሁ፣ ሲስበው ወረቀቱ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ የያዘው ነገር የለም። አዩ? ይሄ ለእርስዎ በጣም ግትር ነው፣ መሃሉ ጎብጦ በረዶውን ካልነካ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ነው የሚያንሸራትትዎት። ለኔ! ግትር! ድሮ እንዲህ ያለውን እንደ ሸምበቆ ነበር የማጎብጠው። ድሮ።

ጉንቮር መሳቋን ትታለች፣ እሱ ይብሳል፣ ኦድኒዬ፣ ትለኛለች ቀስ ብላ፣ ያላንቺ ጎጆው ይጨንቀኛል፣ በናትሽ ለሰውየው እውነቱን ንገሪው።

እውነቱን። እሺ። ቀስ ብዬ ነው የምሄደው ኤይቪን፣ ዳገት እፈራለሁ፣ ቁልቁለት ደግሞ የባሰ፣ መውደቅ አልችልም። ወጣልኝ፣ ሰማይም አልተደፋ። ግራጫውን ያመጣል፣ አጠር ሰፋ ያለ፣ በቀላሉ የሚጎብጥ፣ ከሥሩ በረዶ የሚቧጥጥ ፀጉራም ቆዳ የተለጠፈበት፣ በአንድ እግር እቆምበታለሁ፣ ወረቀቱን ይስባል፣ ይስባል፣ ንቅንቅ የለም።

ይኸው ጠዋት ነው፣ ዳገቱ ላይ ነን፣ እረግጣለሁ፣ ይይዛል፣ እረግጣለሁ፣ ይይዛል፣ ፀሐይዋ ፊቴን ትልሰኛለች፣ ጉንቮር ከፊቴ ናት፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከፊቴ ሆና አይቻት አላውቅም፣ ሁሌ እኔ ነበርኩ ፊት፣ ነፋሱ ጆሮዬ ውስጥ እየጮኸ፣ አሁን ግን ይሰማኛል፣ ዳገት ስትወጣ ታንጎራጉራለች ለካ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ ዜማውን እያበላሸች፣ ስንት ዓመት እንዲህ እየዘፈነች ተከትላኛለች፣ ቀስ እላለሁ፣ ዱላዬን እንኳ ሳላሰማ እተክላለሁ፣ መስማቴን ካወቀች ታቆማለች።