ሰማያዊ ክር ያለው ደብተር

"የሳጥኑን ቁጥር ካልነገሩኝ ላወጣልዎት አልችልም፣ እማማ" አለች ሠራተኛዋ።

"ቁጥር አላውቅም አልኩሽ እኮ" አለች አሮጊቷ። ማንም እንደማያስነሳት ሰው ሁሉ እንዲያውቀው ምርኩዟን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። "ጀርባው በሰማያዊ ክር የተሰፋ ደብተር ነው። የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከእኔ ወዲያ ማን ያውቀዋል?"

"ክር አይመዘገብም።"

"እሱ ነዋ ጥፋታችሁ።"

ወደ ቤተ መዛግብቱ ስትመላለስ ይህ ሦስተኛ ቀኗ ነው። በመጀመሪያው ቀን መታወቂያዋን ረስታ ዘበኛው ከበር መለሳት። በሁለተኛው ቀን ፎርም ይሙሉ ብለው እስክሪብቶ አስጨበጧት፤ ፊደል እንዳልቆጠረች ስትነግራቸው ኃላፊው ይምጣ ተባለ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበርና እግሯ አብጦ ወደ ቤቷ ገባች። ዛሬ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጎልታ አንጀቷ አርሯል። የገዛ ባሏን ወረቀት ለማየት እንዲህ ደጅ የሚያስጠኗት ከሆነ ባዳውንማ ምን ሊያደርጉት ነው?

ባሏ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራው አንድ ነው፦ ጨዉንም ጨው መሳዩንም በኤሌክትሪክ ምድጃ እያጋለ ምን ያህሉ ተንኖ እንደሄደ መመዘን። ገና እንደተጋቡ፣ ውሃ ይተናል፣ ድንጋይ ሲተን ግን የት አየህ ብላ ስቃበት ነበር። እሳቱ ከበቃው የማይተን ነገር የለም አላት፤ ሲናገርም አልሳቀም። የአውራ ጣት ጫፍ በምታህል ነጭ የሸክላ ስኒ ይመዝናል፣ ያግላል፣ ያቀዘቅዛል፣ እንደገና ይመዝናል። የጎደለውን ተነነ ብሎ ይጽፋል። ክፍሉን ሌላ ሰው እንዲያጸዳ አይፈቅድም፤ ከእሷ እጅ በቀር የማንንም እጅ አያምንም ነበር። ደብተሮቹንም የምትሰፋለት እሷ ናት፣ ለየዓመቱ በተለያየ ቀለም ክር። የዚያን ዓመቱን አምጪልኝ ሲል፣ እሱ መነጽሩን ፈልጎ ሳያገኝ እሷ ደብተሩን ይዛ ከች ትል ነበር።

ጡረታ ሲወጣ ወረቀቱን ሁሉ ዩኒቨርሲቲው ወሰደው። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ከማያውቁት ወጣት ተመራማሪ ደብዳቤ መጣ። ትሕትናው ለጉድ ነው፤ ነገሩ ግን መርዝ። ፕሮፌሰሩ ካሳተሟቸው ዐሥራ አንድ ልኬቶች ሰባተኛው ከሌሎቹ ጋር አልገጥም አለኝ፣ በዚያ ቀን የተፈጠረ ነገር ይኖር ይሆን? ይላል። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው እህል አይቀምስ፣ ሰው አያናግር። ዳሌው ስለተሰበረ ደረጃ አይወርድም፤ መስኮቱ ሥር ተገትሮ ራሱን ይበላል።

"ዓይኔ ነው። ሠላሳ ስምንቱን ገልብጬ ሰማንያ ሦስት ብዬ አሳትሜው ነው። ይኸን ያላየሁ ሰው ሌላውን አይቼዋለሁ ብል ማን ያምነኛል?" እያለ ያጉተመትማል።

እሷ ግን ያን ቀን ታስታውሰዋለች፤ የሰማያዊ ክሩ ዓመት ነበር። ምድጃው ጠፍቶ፣ ስኒው ትሪ ላይ ተቀምጦ እየቀዘቀዘ ነበር። እሱ በር ላይ ቆሞ ከተማሪ ጋር ያወራል። ጠረጴዛውን ስትወለውል ትሪውን ገፋ አደረገችው፤ ቀጭ አለ። ከስኒው ከንፈር የሩዝ ፍሬ የምታህል ስባሪ ወደቀች። ድሮም የተሸራረፈ ስኒ ነው፣ ማን ያየዋል ብላ ስባሪዋን ከአቧራው ጋር ጠርጋ ጣለቻት። ለሩዝ ፍሬ ደግሞ ማን ይቅርታ ይጠይቃል? እሷ በዕድሜዋ ለማንም አጠፋሁ ብላ አታውቅም። ደብዳቤው እስኪመጣ ድረስም ስኒው ከዚያ በኋላ እንደተመዘነ አስባው አታውቅም። አሁን ግን ገብቷታል፤ እሱ ተነነ ብሎ የጻፈው በእሷ ቆሻሻ ማፈሻ ወጥቶ ይሆናል።

ሦስት ቀን ያመላለሳትም ይኸው ነው። ደብተሩ ሠላሳ ስምንት ካለ ጥፋቱ የባሏ ዓይን ነው፤ የእሷ አፍም ተዘግቶ ይኖራል።

"ለመሆኑ ክሩን ምን አደረጋችሁት?" አለች ሠራተኛዋን።

"ፈትተን ጣልነው። ክርና ሽቦ ወረቀት ይበላል።"

"ሃምሳ ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቅጠል ሲበላ አላየሁም።"

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። "እሺ፣ ርዕሱ ምን ይላል?"

"ስለ ትነት ነዋ።"

"የኢኦርጋኒክ ውህዶች ትነት የሚል አንድ መቶ አርባ ማህደር አለ።"

"የእኔው የትኛው ነው ታዲያ?"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፣ እማማ።"

አሮጊቷ ደሟ ፈላ። ወረቀቱን በሦስት መኪና ሲጭኑ እንጠብቀዋለን ብለው እንደነበር፣ የጠበቁት ግን ከባለቤቱ እንደሆነ፣ ሰው ሁሉ እስከ ኮሪደሩ ድረስ እየሰማት ተናገረች። ምድጃው ጥጉን የላሰውን ደብተር እንኳ ለይቶ ማግኘት ካቃታችሁ፣ አለች፣ ደመወዙ ለምኑ ነው የሚከፈላችሁ?

ልጅቷ ቀና አለች። "ጥጉ ተቃጥሏል? ይኼንን ቀድመው አይነግሩኝም? ጉዳት እንመዘግባለን።"

"ጤነኛውን ትታችሁ ጉዳቱን?"

"ጉዳቱን።"

ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ልጅቷ ነጭ የጨርቅ ጓንቷን አጥልቃ ግራጫ ማህደር ይዛ መጣች። ክሩ የለም። ነጠላ ነጠላ ወረቀት ነው፣ በጀርባው በኩል ግን የመርፌዋ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። አሮጊቷ በጣቷ ልትዳስሳቸው ስትል ልጅቷ እንዳትነካ ለመናገር አፏን ከፈተች፤ ፊቷን አይታ ተወችው።

"ሰባተኛውን አንብቢልኝ። የጎደለው ስንት ነው ይላል?"

"ሰማንያ ሦስት ሚሊግራም።"

"ደህና አድርገሽ እዪው። ሠላሳ ስምንት አይልም?"

"ሰማንያ ሦስት። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። ጎኑ ላይ ደግሞ 'ለምን?' ብለው ጽፈዋል።"

አሮጊቷ በእስክሪብቶ የተጻፈችውን ያቺን ቃል አፍጥጣ አየቻት፤ ማንበብ ባትችልም የእሱን እጅ ታውቀዋለች። ወረቀቱን ጠይቋል። እሷ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበረች፤ እሷን አልጠየቃትም። ቢጠይቃትስ? ትነግረው ነበር ብላ ራሷን ልታታልል ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ስልኳ ጮኸ። ከእሱ በቀር የሚደውልላት የለም።

"ተገኘ?" አላት።

ጠፋ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ማንም ያምናታል። ክር ፈትቶ የሚጥል፣ መቶ አርባ ማህደር በአንድ ስም የሚጠራ ቤት ምን አያጠፋም? እሷ ራሷ ሦስት ቀን ሙሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ስታማቸው ሰንብታለች፤ እሱም ከመስኮቱ ሥር ሆኖ ሲሰማ ነበር።

"ተገኝቷል" አለችው። "ዓይንህ ምንም አልሆነም። ሰማንያ ሦስት ነው የሚለው።"

"እንግዲያው አለቀ" አለ። "ምክንያቱን ያኔም አላገኘሁትም። ለልጁ አላውቅም ብዬ እጽፍለታለሁ።"

"ቆመህ ነው?"

"መስኮቱ ጋ ነኝ።"

"በል ወንበሩን ሳብና ቁጭ በል። የምነግርህ አለ።"

ወንበሩ ወለሉን ሲፍቅ በስልኩ ሰማችው። ሠራተኛዋ ነገሩ የባልና የሚስት መስሏት ልትነሳ ስትል አሮጊቷ ጓንቷን ያዝ አድርጋ አስቀመጠቻት።

"የት ትሄጃለሽ? እስክሪብቶሽን አንሺ" አለቻት። "ጉዳት የማስመዘግበው አለኝ።"